እሺ የሚለው ውሃ

ይሄን ወሬ መጀመሪያ ያወጣችው ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ጎረቤት ናት። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ጠዋት የሰማችውን ምሳ ሳይደርስ ያልሰማ አይኖርም። እና ሬዲዮ ምን አለች? «የፋርማሲስቱ ሚስት ተመልሳለች» አለች።

«የት?» ቢሏት፣ «ሳሎናቸው ነዋ! እዚያ የዓሣ ሳጥን ውስጥ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ... ማለቴ ምስማር ልመታ ጠጋ ስል ሰማኋታ! እሺ ትላለች። ረጋ ብላ፣ እንደ ድሮዋ። እሺ... ትልና ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ እሺ... ልክ አንድ ሰው እያናገራት ይመስል። ጸጉሬ ነው የቆመው እናንተዬ!»

የተመታውን ምስማር እስከ ዛሬ ያየ የለም። ወሬው ግን እንዲሁ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም።

«እሺ» የሟቿ ቃል ነበረች። ምግብ ቀረበ ሲሏት እሺ፣ እንግዳ መጣ ሲሏት እሺ፣ ክኒኑ ይመራል ሲሏትም እሺ። ከሞተች አሥር ወሯ ነው። ሳጥኑ እሺ ማለት የጀመረው ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው።

ሳጥኑን ያላየ ሰው ትልቅ ነገር እንዳይመስለው። ከዳቦ ማስቀመጫ አይበልጥም። ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ ስር፣ ባለ መሳቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ውስጡ ግን ባሕር ነው፤ የምር፣ ጨዋማ ባሕር። ፋርማሲስቱ ሚስቱን «ባሕር አሳይሻለሁ» እያለ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረ። ዛሬ ሥራ በዛ፣ ነገ ፋርማሲውን ማን ይይዝልኛል እያለ፣ እሷም እሺ እያለች፣ በሽታው ቀደማቸው። መንገዱን የማትችለው ስትሆን ጊዜ ባሕሩን በመስታወት አስመጣላት። አንድ ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ጣታቸውን የሚያወዛውዙ አበባ መሳይ ነገሮች፣ አንድ ቀንድ አውጣ፣ አንዲት ነጭ ጢሟ የረዘመ፣ ሽሪምፕ የሚሏት አንበጣ መሳይ ቀይ የባሕር ነፍሳት። ዓሣ ብሎ ነገር የለበትም፤ እንዲያው ሰው የዓሣ ሳጥን ይለዋል እንጂ። አበባ መሳዮቹን ኮራል ይሏቸዋል፤ አበባም አይደሉ፣ ቅጠልም አይደሉ፣ ነፍስ ያላቸው እንስሳ ናቸው። ሴትዮዋ አልጋዋን ወደዚያ አዙራ እነሱን እያየች ነው የሄደችው።

ሳጥኑ የቀረው ለልጅቷ ነው። ስትወለድ ትንሽዬ ስለነበረች እናቷ «ጠብታ» ብላ ጠራቻት፣ በዚያው ቀረ። አሁን ጠብታ ቁመቷ ከአባቷ ይበልጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አባቷ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ትሰጣለች። ከሐዘኑ በኋላ ቤቱን ልትይዝ የመጣችው አክስቷ ናት፣ የአባቷ ታላቅ። አክስት ደፋር ሴት ናት፤ ሌባ በኮረንቲ መጥበሻ አባርራለች ይባላል። ያን ሳጥን ግን በዳር በዳር ነው የምታልፈው።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ጠብታ ሳጥኑ ፊት ቆማ ነበር። ኮራሎቹ ጣታቸውን አጥፈው፣ የተጨበጠ እጅ መስለዋል። ውሃው መስታወቱ ላይ እናቷ በቀይ የጥፍር ቀለም ያሰመረችው መስመር ድረስ ሙሉ ነው። «ከዚህ አይነስ» ብላ ነበር ስታሰምር። አልጎደለም። ታዲያ ምን ሆኑ?

እሺ... አለ ውሃው ከኋላ።

«እማዬ?» አለች ጠብታ፣ ለራሷ እንኳን በማይሰማ ድምፅ። አፍራም ነበር፣ ግን አለችው።

እሺ...

ይሄኔ አክስቷ አቧራ ልትጠርግ ገብታ ጮኸች። ሽሪምፗ በጀርባዋ ተንጋላ ሞታለች! ነጣ ብላ፣ ውስጧ ባዶ ሆኖ፣ ዓይኗ እንኳን እንደ መስታወት የሚያሳልፍ፣ ውሃው ወዲያና ወዲህ ይገፋታል። «አለቀ! በደህና የቀረችው እሷ ነበረች፣ እሷም ሄደች!» ስትል አክስት፣ ከድንጋዩ ስር ነጭ ጢም ብቅ አለ። ከዚያ ራስ። ከዚያ ቀይዋ ሽሪምፕ ራሷ፣ በሕይወቷ፣ ቀስ ብላ ወጥታ የራሷ ሬሳ አጠገብ ቆመች። ቆማም አየችው።

አክስት ወንበር ሳትፈልግ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አባትየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከመኝታ ቤት ወጣ። ሰፈሩ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። ሁለቱን ሽሪምፖች አየ። ውሃው እሺ ሲል ሰማ። ፊቱ እንደ ግድግዳው ሆነ።

«በቃ» አለ። «ዛሬ ቀትር ላይ ይደፋል።»

«አባዬ፣ የእማዬ ነው እኮ!»

«ለዚያ ነው የሚደፋው» አለና በሩን ዘጋ። ጠብታ የተዘጋውን በር እያየች እናቷ ሁለተኛ የምትሞትባት መሰላት። ሌላም ነበር። ለማንም ያልተናገረችው።

*

ሌላው ነገር ሰው ነው። ሰፈሩ «ቧንቧው» ይለዋል፤ ሥራውም እሱ ነው፣ ቧንቧ።

ከስምንት ወር በፊት የወጥ ቤቱ እቃ ማጠቢያ ተደፍኖ ተጠራ። መፍቻውን በትከሻው አድርጎ ሳሎኑን ሲያቋርጥ ሳጥኑ ጋ ቀጥ አለ። ጆሮውን አዘነበለ። «ይሄ ነገር ትንፋሽ አጥሮታል» አለ። ጠብታ በሕይወቷ እንዲህ ያለ አባባል ሰምታ አታውቅም። እቃ ማጠቢያውን ትቶ መጀመሪያ ሳጥኑን ሠራ። አክስት ስትናደድ፣ «ሳህን ይጠብቃል እትዬ፣ እነዚህ ግን ነፍስ ናቸው» አላት።

ሳጥኑ ከኋላው በጥቁር መስታወት የተጋረደች ጓዳ አለችው፤ ጓዳዋ ደግሞ ሦስት ጠባብ ክፍል ናት። ውሃው ከፊት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተሰነጠቀ መስታወት አልፎ መጀመሪያው ክፍል ይወድቃል፤ እዚያ ነጭ ጥጥ ቆሻሻውን ይይዛል። ሁለተኛው ጋ ስፖንጅና ከሰል አለ። ሦስተኛው ጋ እንቁላል የምታክል ፓምፕ ቁጭ ብላ የጠራውን ውሃ ስባ ወደ ፊት ትተፋዋለች። እንዲህ ሲዞር ይውላል፣ ሲዞር ያድራል። መዞሩን ከተወ ሁሉም ያልቃል። ይሄን ሁሉ ያስተማራት ቧንቧው ነው፣ እጁን እስከ ክርኑ አርሶ፣ ፓምፗን በጥርስ ብሩሽ እያሸ። ጥጡ በየሳምንቱ ካልተቀየረ ውሃው መንገድ ያጣል አላት። እና በየቅዳሜው ይመጣ ጀመር።

አክስት ደስ አላት፤ ያንን ዝልግልግ ነገር የሚነካ ሌላ ሰው የት ይገኛል? ስለ ውሃ ብቻ የሚያወሩ መሰላት። እነሱም መጀመሪያ ስለ ውሃ ነበር የሚያወሩት። በኋላ ግን «ዛሬ ውሃው ሞቋል» ሲላት ጆሮዋ የሚቀላው ምን ሆኖ ነው?

ደብዳቤ የጀመረው እሱ ነው። የሚደበቅበት ቦታ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ጥጡ ስር። ማን እጁን እዚያ ይከታል? ወረቀቱን የሚያስገቡት ክኒን በሚታሰርበት ላስቲክ ውስጥ ነው፣ እሷው ከአባቷ ፋርማሲ እያመጣች። ላስቲኩ ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» የሚል ታትሟል፣ ከጎኑ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ሳጥን አለው። ቧንቧው ሁሌ ሦስቱም ላይ ምልክት ያደርጋል። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል። አንድ ጊዜ መድኃኒት ልትሰጥ ሰው ፊት ቆማ ያን ላስቲክ ስታይ ብቻዋን ሳቀች፣ ሰውዬው «ሕመሜ ያስቃል እንዴ?» ብሎ ተቀየማት።

አባትየው ግን ቧንቧውን «አንተ» ከማለት ሌላ አልጠራውም። አንድ ቀን አክስት በቀልድ፣ «ይሄ ልጅ ዓይኑ ከውሃው ይልቅ ልጅህ ላይ ነው» ብትለው፣ «ቧንቧ ፈቺ ቧንቧ ይፍታ» አለ፣ ጋዜጣውን እንኳን ሳያወርድ። ጠብታ ሰማች። ቧንቧውም በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። ማሰሪያውን ሁለቴ ፈትቶ ሁለቴ አሰረ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሲወጣ አጠገቧ አልፎ፣ «የዛሬው ትልቁ ነው» አላት በሹክሹክታ።  በሩ ሲዘጋ ሮጣ ጥጡን አነሳች፤ የአክስቷ ኮቴ ወዲያው ተሰማ። በድንጋጤ ጥጡን ወደላይ ስትመነጭቀው አንድ ሙልጭልጭ ነገር ጣቷን ዳስሶ አለፈ። ቀንድ አውጣው መሰላት። አክስቷ ስትሄድ ደግማ ፈለገች። ምንም።

ሳምንቱን ሙሉ በቀን አሥሬ አየች። ምንም የለም። ትልቁ የተባለው ደብዳቤ ጭራሽ አልተጻፈም። ወይ አባቷን ፈራ፣ ወይ እየቀለደባት ነበር።

ቅዳሜ መጣ። ቧንቧው ጥጡን አነሳ፣ ስሩን አየ፣ ቀና ብሎ አያት። እሷ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኑ የሆነ ነገር ይለምናል። እሷ ግን ተቀይማለቻ! አይኗን ሰብራ የጫማዋን ጫፍ አየች። እሱ አዲስ ጥጥ አደረገ። «ደህና ሁኑ» አለ።

«ዛሬ ምነው ጨዋታ የለ?» አለችው አክስት።

«ሥራ አለብኝ እትዬ።»

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ጠብታም ያንን ጥጥ ማየት አስጠላት፤ አንድም ቀን አልነካችውም። እሱ ደህና ሁኑ ብሎ በወጣበት በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ሳጥኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ያለው። እሷ ብቻዋን ነበረች። ፈርታ ሳይሆን፣ የሚያጽናናት ሰው የተገኘ መስሏት አለቀሰች።

*

አባቷ ይደፋል ብሎ በሩን ከዘጋ በኋላ ጠብታ ለጓደኛዋ ደወለች። ጓደኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ «መርፌ» ነው የሚሏት፣ ለሥራዋም ለምላሷም። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች መጣች። ሳጥኑን ሰማች። ክንዷን አየችው፤ ጸጉሩ ቆሟል።

«የእናትሽ ድምፅ ነው» አለች።

«አትበይኝ።»

«ነው ስልሽ! ቀሚስ ልለካት ስመጣ "ይጥበብ ወይ?" ስላት እንዲህ ነበር የምትለኝ። ትንሽ ቆይታ። ለማን ነው እሺ የምትለው?»

«ረቡዕ ደግሞ መብራት አልነበረም» አለች ጠብታ። «ከሰዓቱን ሙሉ። ፓምፗ ቆማ ነበር። ያኔም ሰማሁት። አንዴ ብቻ።»

መርፌ ክንዷን አሻሸች። ከዚያ የጓደኛዋን እጅ ያዘች። «ሌላውን ሁሉ ተይው። ይሄን አንድ ነገር ንገሪኝ። ቧንቧው ለምን ቀረ?»

ጠብታ ነገረቻት። መርፌ እየሰማች ሜትሯን ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች።

«ይጽፋል አለሽ፣ አልጻፈም። አየሽው፣ አላየሽውም። እና ሁለታችሁም አፍ እያላችሁ ጥጥ ስር ትጠባበቃላችሁ? ደደቦች!» ብላ ተነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ቧንቧ ፈስሷል ልል!»

በሩን ስትከፍት ሬዲዮ ባዶ ስኒ ይዛ ቆማለች። «ጨው ልበደር ብዬ ነው እህቴ።»

«ግቢ፣ እዚህ ቤት ያለው ጨው ብቻ ነው» አለቻት መርፌ፣ እየሮጠች። ጠብታ መስኮቱ ጋ ቀረች፤ ይመጣል ብላ ለማመን ፈራች፣ አይመጣም ብላ ለማመንም አቅም አጣች።

*

ቀትር ሲሆን አባትየው እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። አክስት ባልዲና ጎማ ይዛለች። ሬዲዮ ጨው ስትጠብቅ ወንበር ይዛ ተመቻችታለች።  ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ሳጥኑን አቋርጣለች፤ ውስጡ ያ ባዶ የሽሪምፕ ቅርፊት እየተሽከረከረ፣ ጥላው ግድግዳው ላይ ሰው የሚያክል ሆኖ እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል።

እሺ... አለ ውሃው።

አባትየው ተንበርክኮ ሶኬቱን ነቀለ። ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። «እ...» ብሎ ቀረ።

አክስት ባልዲውን አስጠጋች። 

ይሄኔ በሩ ተበረገደ። መርፌ ቧንቧውን በካፖርቱ እጅጌ እየጎተተች ገባች። ጉልበቱ ድረስ ርሷል፣ ከሆነ ዳቦ ቤት መታጠቢያ ስር ነው የመነጨቀችው።

«የሚፈሰው የታል?» አለ እያለከለከ።

«ያውልህ» አለች መርፌ፣ ወደ ጠብታ ፊት እያመለከተች።

አየችው። አያት። ሦስት ሳምንት የሚያክል ነገር በመካከላቸው አለፈ። ከዚያ እሱ ሳጥኑን አየና ሁሉን ረሳ።

«ማን ነው ያጠፋው? ያፍናቸዋል እኮ! ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

አባትየው በገዛ ቤቱ ፈቀቅ በል ሲባል የመጀመሪያው ነው። ግራ ገብቶት ፈቀቅ አለ።

ቧንቧው አጎነበሰ። ወደ ኋላ ጓዳ በስልኩ መብራት አየ። «ውሃ የሚጨምረው ማን ነው?»

«አልጎደለማ» አለች ጠብታ። ድምፅዋ ሻክሯል። «የእማዬ መስመር ላይ ነው። በየቀኑ አያለሁ።»

«ሳጥኑ ከፊት በኩል ሁሌ ሙሉ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ጥጡ ሲደፈን ደግሞ ይብሳል። ውሃው ሲቀንስ የሚቀንሰው ከኋላ ነው፣ ሰው ከማያየው። ከፊት ለሚያይ ሰው ምንም የጎደለ አይመስለውም። ነይ እይ፣ ጓዳው ደርቋል።»

አባትየው ይሄን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። የሚጠርገው አስመስሎ ቆየ።

«ያቺስ?» አለች አክስት ቅርፊቱን እያሳየች። «ሞታ ተነስታለች!»

«ልብስ ቀይራ ነው እትዬ። ስታድግ የድሮ ቆዳዋን ታወልቃለች።»

«ይሄ ድምፅስ?»

 ቧንቧው እጁን እስከ ክርኑ ሦስተኛው ክፍል ከተተ፣ ፓምፗን ስቦ አወጣ። አፏ ላይ አንድ ነገር ተጣብቋል። ላስቲክ። ግማሹ ተስቦ ገብቷል፣ ግማሹ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ፓምፗ ስትስብ ይከደናል፣ አየር ሲገባ ይለቃል። እሺ። እሺ።

«አየር ነው» አለ ቧንቧው። «ላስቲክ እና...» ከዚያ አወቀው። ፊቱ ደም አጣ። ጠብታም አወቀችው። ያ ጣቷን ዳስሶ ያለፈው ሙልጭልጭ ነገር! ቀንድ አውጣ አልነበረም። በገዛ እጇ ነው ደብዳቤውን ወደ ፓምፗ የላከችው።

ፓምፗን ጠረጴዛው ላይ ደረቅ ሳህን ውስጥ አስቀመጠ። ላስቲኩን ሊደብቅ ሲል አባትየው ቀደመው።

«ይሄ የኔ ላስቲክ ነው!» አለ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ሦስቱም ላይ ምልክት አለ። «የምን መድኃኒት ነው ይሄ?» ከፈተው። ወረቀቱ ጫፉ ብቻ ረጥቧል። ሠላሳ ዓመት ማዘዣ ያነበበ ሰው ነው፤ ወረቀት ሲይዝ ጮክ ብሎ ማንበብ ልማዱ ነው። አነበበው።

«"ጠብታ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባትሽን ላናግራቸው ነው። የቧንቧ ፈቺ ሚስት መባል ካላሳፈረሽ እሺ በይኝ። ሌላ ምንም አትጻፊ። እሺ ብቻ። ጥጡ ስር ካጣሁት ገብቶኛል ማለት ነው፤ አላስቸግርሽም፣ ደጃችሁንም አልረግጥም። እኔ ግን..."»

እዚያ ጋ አቆመ። ቀጥሎ ያለውን ለራሱ ብቻ አነበበው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር።

ወረቀቱን አወረደ።

«እሺ» አለ ድምፁ።

ሁሉም ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ፓምፗ ደረቅ ሳህን ውስጥ ናት። ሶኬቱ ወለሉ ላይ ወድቋል። ውሃው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አክስት ባልዲውን ለቀቀችው፤ እየተንከባለለ በር ድረስ ሄደ። «አላልኳችሁም!» አለች ሬዲዮ፣ ወንበሩ ላይ ወጥታ።

«እሺ» አለ ድምፁ ደግሞ። ረጋ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ።

ጠብታ ነበረች።

እሷም አላወቀችውም ነበር። የገዛ አፏ እስኪደግመው ድረስ ድምፅዋ የእናቷ መሆኑን አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። እንባዋ ይወርዳል፣ ዓይኗ ግን ከቧንቧው አልተነቀለም። «አላገኘሁትም ነበር» አለችው። «ሳምንቱን ሙሉ ፈለግኩት። አልጻፍክም ብዬ ነው አይኔን የሰበርኩት። እሺ። ሺህ ጊዜ እሺ!»

ቧንቧው የረጠበ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ያዘው።

አባትየው ግን አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ ሳይሆን ወደቀ። «እንደዚያ አትበይ» አለ። «በእግዜር፣ እንደ እሷ አትበይው። የሞተችበት ዕለት ማታ ደክሞኝ ነበር። ተኚ፣ እኔም መኝታ ቤት ልተኛ፣ ጠዋት እመጣለሁ አልኳት። እሺ አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እሺ ስትለኝ አንድ ቀን፣ "አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" ብያት አላውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። በመጣች ቁጥር እሺ... እሺ... ምን አጥፍቼ ነው የምትለኝ እላለሁ።»

ጠብታ እግሩ ስር ቁጭ አለች። እጁን ጉንጯ ላይ አደረገችው። «አባዬ» አለች፣ «እኔ ግን ተጠይቄ ነው እሺ ያልኩት።»

 ሽማግሌው እጁን አላነሳም።

ቧንቧው መቆም ቢከብደው ወደሚያውቀው ሥራ ዞረ። ፓምፗን በጥርስ ብሩሽ አጠባት። ጥቁር የሆነውን ጥጥ አውጥቶ አዲስ አደረገ። ጓዳዋን በንጹህ ውሃ በቀስታ ሞላ፣ ሶኬቱን ሰካ። ውሃው ተነሳ፣ በማበጠሪያው ጥርስ ወረደ፣ በጥጡ አለፈ፣ ዞሮ ወደ ፊት መጣ። ያለ አንዳች ድምፅ። ከኮራሎቹ አንዱ አንድ ጣት ፈታ፣ ፀሐይዋን እንደሚዳስስ።

«ላስቲኩ ነበር ማለት ነው ሁሉም» አለች አክስት፣ ላቧን እየጠረገች።

«ረቡዕ መብራት አልነበረም» አለችው ጠብታ፣ ለእሱ ብቻ እንዲሰማ። «ያኔም ብሏል።»

ቧንቧው ብሩሹን ይዞ ቆመ። ውሃውን አየው። «ያኔስ ላስቲክ አይደለም» አለ፣ እሱም ለእሷ ብቻ።

አክስት ግን ድንጋጤው ሲለቃት ኩራቷ ተመለሰ። «ቆይ እንጂ! በላስቲክ ተጠየቀ፣ በእንባ እሺ ተባለ፣ አለቀ? የፋርማሲስት ልጅ ለቧንቧ ፈቺ? ዘመድ ምን ይላል? ሰፈሩስ?»

«ሰፈሩን ለኔ ተዉት» አለች ሬዲዮ።

«አንቺ ጨውሽን ይዘሽ ሂጂ! ወንድሜ፣ አፍህን ክፈት እንጂ! ማነው ለዚህ ልጅ የፈቀደለት?»

አባትየው ወረቀቱን አጣጥፎ ላስቲኩ ውስጥ መለሰው። ደክሞታል። «እኔ እንጃ» አለ። «እናቷ ብትኖር እሷን እጠይቅ ነበር።»

«እናቷ ብትኖር» አለች አክስት፣ ጣቷን ወደ ሳጥኑ ቀስራ፣ «ይሄን ጉድ ሰምታ ምን እንደምትል አውቃለሁ!»

መርፌ እስካሁን በር ተደግፋ ሜትሯን ስትጠቀልል ነበር። ቀና አለች።

«እትዬ፣ እናቷማ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሺ ስትል ነበር። ባልዲ ይዛችሁ ልትደፏት የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።»